መብት ያጠና ሰው ልማት ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ከተማርኩት ሁሉ ልቤን የወሰደው ሰብዓዊ መብት ነው። ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። ግን የሥራ ማስታወቂያ ሳገላብጥ ‹የሰብዓዊ መብት ባለሙያ› የሚል አላገኝም። አጎቴ ደግሞ ‹ሕዝቡ መጀመሪያ ይብላ፣ መብቱ ይደርሳል፤ አንቺም እንጀራ የሚወጣበትን ትምህርት ተማሪ› ይለኛል። ማስተርሴን ፕሮጀክት ማኔጅመንት ላድርገው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ከአጎትሽ ሐሳብ ልጀምር።

አጎትሽ ያሉሽ ላንቺ አስበው ነው። እኔ ግን አልስማማም። የ1965 እና የ1966ቱን የወሎ ረሃብ አስቢ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያንን ረሃብ አጥንቶታል። ያኔ በአገር ደረጃ የነበረው እህል ያን ያህል አልቀነሰም። ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው ብዙ አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር። ገበሬው ግን አዝመራው ጠፍቶበት መግዣ አጣ። ጩኸቱን የሚያሰማበት ቦታም አልነበረውም፤ መንግሥት ወሬው እንዳይወጣ ደብቆታል። ሴን በኋላ ላይ የሚጠየቅ መንግሥትና ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር እንዲህ ያለ እልቂት አይደርስም ብሎ ተከራክሯል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። እህሉ ማን ዘንድ እንደሚደርስ የሚወስነው መብት ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1986 የልማት መብት መግለጫን አጽድቋል። የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በልማት እንዲሳተፉ፣ ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይም ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። ይህን አንቀጽ ለፈተና ሸምድደሽው ከሆነ አሁን ረጋ ብለሽ አንብቢው። የወደፊት ሥራሽ እዚያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ማስታወቂያው። ‹የሰብዓዊ መብት ባለሙያ› ብሎ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት አለ፤ ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ ያለው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አንዱ ነው። ቦታው ግን ጥቂት ነው። ልማት ውስጥ ያለው የመብት ሥራ በሌላ ስም ነው የሚወጣው። ‹ሶሻል ሴፍጋርድ› (ፕሮጀክት ሰውን እንዳይጎዳ መጠበቅ)፣ ‹ፕሮቴክሽን› (ለአደጋ የተጋለጡ ሰዎችን ከጥቃት መጠበቅ)፣ ‹የቅሬታ አፈታት›፣ ‹ሥርዓተ ጾታና አካታችነት›፣ አንዳንዴም ‹ክትትልና ግምገማ› እያልሽ ፈልጊ። እነዚህ ቦታዎች ዝም ብለው አልመጡም። ሕንድ ውስጥ በናርማዳ ወንዝ ግድብ የሚፈናቀሉ ሰዎች ዓለም እስኪሰማ ከጮኹ በኋላ፣ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1993 አቤቱታ የሚቀበል የምርመራ ፓነል አቋቋመ። ዛሬ ባንኩ ገንዘብ የሚያበድርበት ፕሮጀክት ማኅበረሰቡን ማማከርና የቅሬታ ማቅረቢያ መንገድ ማዘጋጀት አለበት። ሰው ከመሬቱ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የመልሶ ማስፈር ዕቅድ ይጠየቃል። ያንን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል።

ሥራው በእጅ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። የክልላችንን የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር አይተሽ ታውቂያለሽ? የገጠር ቤተሰብ ካለሽ ከሣጥን አስወጥተሽ እዪው። የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጽፏል፤ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፏል። ፍቺ ሲመጣ ወይም ባል ሲሞት «መሬቱ የእሱ ነው» የሚል ዘመድ ብቅ ሲል፣ ሴትየዋ ደብተሩን ይዛ ትቀርባለች። ይህ እንዲሆን ቅጹ ላይ ለሁለተኛው ፎቶ ቦታ ይኑር ብሎ ያሰበ ሰው ነበረ። አንቺም እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድመሽ የምታስቢ ባለሙያ እንድትሆኚ ነው የምፈልገው። ለችግረኛ ቤተሰቦች ድጋፍ በሚሰጠው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ላይ እንዲሁ ነው፤ ተጠቃሚ ሲመረጥ የተዘለለ ሰው የሚያመለክትበት የቀበሌ ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው በወረቀት ብቻ ይኑር ወይስ በእርግጥ ይሰብሰብ፣ አቅመ ደካማዋ ሴትዮ መኖሩን ትወቅ አትወቅ፣ ያንን ሄዶ የሚያጣራ ባለሙያ ይፈለጋል።

ስለዚህ ማስተርሱ ይቆይ። ፕሮጀክት ማኔጅመንት የያዘ ሰው ሞልቷል። ሕግን ከመሬት ወይም ከውኃ ጋር አጣምሮ የሚያውቅ ግን ብዙ የለም። ዩኒቨርሲቲሽ ውስጥ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለ፤ በኋላ ላይ እሱን አስቢው። እስከዚያው ኤክሴልን፣ ኮቦ በሚባለው የመጠይቅ መተግበሪያ መረጃ መሰብሰብንም ልመጂ፤ በሁለት ሳምንት የሚያዝ ነገር ነው። ነፃ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥበት ቦታ በበጎ ፈቃድ ግቢ። እዚያ የሚመጡ እናቶች የሚነግሩሽን ሌክቸር ላይ አታገኚውም። አገውኛ ወይም ኦሮምኛ የምትሞክሪ ከሆነ አጥብቀሽ ያዢው።

ከሁሉ በላይ አንድ የራስሽ ጽሑፍ ይኑርሽ። ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ መንገድ ስትወጪ መራዊ አጠገብ የቆጋ መስኖ አለ። ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደ ነው። ገንዘቡን ያበደረው የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው፤ ሰነዶቹን ድረ ገጹ ላይ ፈልጊ። ለግድቡ የተነሱት ሰዎች ምን ተሰጣቸው? ካሳው እንዴት ተሰላ? ከካሳ አዋጁ፣ ከአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ጋር አስተያይው። ቦዩ መጨረሻ ላይ ያለው ገበሬ ውኃው ሲቀርበት ለማን ነው አቤት የሚለው? መስኖው ካልሳበሽ የጣና ሐይቅን ዳርቻ ውሰጂ። ዳርቻው ሲለማ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች ስብሰባው ላይ ማን ጠራቸው? አራት አምስት ገጽ ይበቃል። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ግን መስክ ካልወጣሁ ብለሽ ራስሽን አደጋ ላይ አትጣይ፤ ሰነዱ ብቻውን ብዙ ያናግርሻል።

እንጀራውን በተመለከተ አልዋሽሽም። አብዛኛው ሥራ የኮንትራት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ የተራድኦ ድርጅቷን ዩኤስኤይድን ስትዘጋ እኛ አገር ብዙ ሰው ከሥራው ወጥቷል። ሕጉም ይለዋወጣል። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከበጀቱ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር የመብት ሥራ መሥራት አይችልም ነበር፤ ያንን ክልከላ የሻረው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ለዚህ ነው የጥብቅና ፈቃድሽን በጊዜው አውጪ የምልሽ። ፕሮጀክት ቢዘጋ ፍርድ ቤት አለልሽ። ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ለቅጥር ገንዘብ አይጠይቅም። ክፈይ ያለሽ ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

ጽሑፉን ስትጨርሺ ላኪልኝ። አንብቤ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ፤ ከዚያ ለየትኛው ቦታ እንደምታመለክቺ አብረን እናያለን።