የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዐውደ ርዕይ እንደ ምርምር ይቆጠራል ወይ?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራቱም ጥያቄዎች ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ድምፅን፣ ቪዲዮን፣ ሽመናንና ኤሌክትሮኒክስን አዋሕደው ከሚሠሩ የሥነ ጥበብ ባለሙያዎች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምሠራው በድምፅ፣ በሽመናና በሴንሰር ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ሰባት ዐውደ ርዕዮች ላይ ሥራ አቅርቤያለሁ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሳመለክት ግን ኮሚቴው «የታተመ ጽሑፍህ የታለ?» አለኝ። ዐውደ ርዕይ ምርምር አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ ነው እንጂ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በማዕረግ ዕድገት ደንባቸው ውስጥ የፈጠራ ሥራን ከታተመ ጽሑፍ እኩል የሚያይ አንቀጽ አላቸው። አንቀጹን ፈልገው ማመልከቻዎ ላይ ቁጥሩን ይጥቀሱ። ከሌለ ደግሞ ከማመልከትዎ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድመው በትምህርት ክፍልዎ በኩል በጽሑፍ ያስጠይቁ። ፋይሉ ኮሚቴው ፊት ከቀረበ በኋላ ለእርስዎ ብሎ ደንብ የሚያሻሽል የለም።

ደንቡ እያለም ማመልከቻ ይወድቃል። ኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጡት የኬሚስትሪ፣ የሕግና የምሕንድስና መምህራን ናቸው፤ አርባ ፎቶግራፍ ቢቀርብላቸው ያያሉ፣ በምን እንደሚመዝኑት ግን አያውቁም። ስለዚህ ሰባቱንም አይደርድሩ። አራቱን ይምረጡና ለእያንዳንዳቸው ከ300 ቃል የማይበልጥ ማብራሪያ ይጻፉ። ሥራው ከምን ጥያቄ ተነሣ? ከዚህ ቀደም ያልነበረ ምን አመጣ? ለዕይታ የመረጠው ማን ነው? ከታየ በኋላስ ማን ጻፈበት፣ ማን ገዛው? ማብራሪያው እነዚህን ከመለሰ ይበቃል።

«ሥራዬ በትዝታና በቦታ መካከል ያለውን ግንኙነት ይመረምራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለኮሚቴው ምንም አይነግረውም። በምትኩ እንዲህ ይበሉ፦ «ጨርቁ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ 12 ሜትር ክር ተሸምኗል። እጅ ሲጠጋው የክሩ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም ይለወጣል፤ ሴንሰሩ ለውጡን አንብቦ ድምፁን ያቀጥነዋል ወይም ያወፍረዋል። ጥያቄዬ ጨርቅ ያለ ሌላ መሣሪያ ዜማ ሊያወጣ ይችላል ወይ የሚል ነበር።» ይህንን የኬሚስትሪ መምህሩም ይረዳዋል፤ ተረድቶም ሊከራከርልዎ ይችላል።

ከሌላ ሰው ጋር የሠሩት ከሆነ የእያንዳንዳችሁን ድርሻ በመቶኛ አስፍራችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። ዐውደ ርዕዩ በውድድር የተገባበት ይሁን በኩሬተር (ሥራዎቹን መርጦ ዐውደ ርዕዩን በሚያዘጋጀው ባለሙያ) ግብዣ ይለዩ። ተሳታፊው ራሱ ከፍሎ የሚገባበትን ግን ከዝርዝሩ ያውጡት፤ አንዱ እንዲህ ያለ መስመር የሌሎቹን ክብደት ያቀልላል። የውጭ ገምጋሚ እንዲጠቁሙ ሲጠየቁም ቢያንስ አንዱ ሥራውን በአካል ያየ ይሁን።

ጥያቄ፦ አንድ ሙዚየም የቪዲዮ ኢንስታሌሽኔን፣ ማለትም ክፍል ውስጥ ተተክሎ የሚታይ የቪዲዮ ሥራዬን፣ ሊገዛ ነው። ከፋይሉ ሌላ ምን ማስረከብ አለብኝ?

መልስ፦ ፋይሉ ራሱ ሁለት ዓይነት መሆን አለበት። ዋናው ቅጂ ብዙም ያልተጨመቀ ይሁን፤ ለምሳሌ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በሚባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት፣ በ1080 ጥራትና በሰከንድ 30 ፍሬም አንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 100 ጊጋባይት ይይዛል። በዕይታው ወቅት የሚጫወተው ግን ፋይሉን በጣም በሚያሳንሰው በኤች.264 ዘዴ የተጨመቀው ነው። ዋናውን ሦስት ቦታ ያስቀምጡ፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ሃርድ ዲስክ መደርደሪያ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦም ይሞታል፤ በዓመት አንዴ ከፍተው ይፈትሹት።

ቀጥሎ የቅጂው ብዛት ነው። ለቪዲዮ ሦስት ወይም አምስት ቅጂ፣ ከዚያ በላይ ሠዓሊው ለራሱ የሚያስቀረው አንድ ወይም ሁለት ቅጂ የተለመደ ነው። አንዴ «ከአምስቱ አንደኛው» ብለው ፈርመው ከሸጡ በኋላ ስድስተኛ ማውጣት ገዢን ማታለል ነው።

ከሁሉም በላይ የምናሳስብዎ የአተካከል መመሪያውን ነው። የክፍሉን ስፋት፣ የፕሮጀክተሩን የብርሃን መጠን በሉመን (በብርሃን መለኪያው)፣ ከግድግዳው ያለውን ርቀት፣ የድምፁን መጠን ከየት ቆመው እንደለኩት ጭምር ያስፍሩ። ከዚያም ምን ሊቀየር እንደሚችልና ምን ፈጽሞ እንደማይነካ በግልጽ ይለዩ። ዱሰልዶርፍ በሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ያስተምር የነበረው የቪዲዮ ሠዓሊ ናም ጁን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1988 ለደቡብ ኮሪያ ብሔራዊ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም 1003 ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች የተደራረቡበት ግንብ ሠርቷል። ግንቡ በ2018 ተዘጋ፤ ቱቦዎቹ አርጅተዋል፣ ምትክም አይመረትም። ሠዓሊው በ2006 አርፏል። በጥገናው ከፊሎቹ በጠፍጣፋ ስክሪን ተተክተው ሥራው ዳግም የበራው በ2022 ነው። እርስዎ ግን ዛሬ አሉ፤ «ፕሮጀክተሩ ቢለወጥ ግድ የለኝም፣ የጨለማው መጠን ግን አይነካ» ብለው መጻፍ ይችላሉ።

ሥራውን ፎቶ ሲያነሡ ካሜራውን በማቆሚያ ላይ ያድርጉ፤ የመዝጊያውን ፍጥነትም ከ1/60 ሰከንድ አያስበልጡ። ከፈጠነ የአንዳንድ ፕሮጀክተሮች ብርሃን በቀለማት ተሸንሽኖ ይወጣል። ሰው የሌለበትንም ሰው ያለበትንም ያንሡ፤ የሥራውን መጠን የሚያስረዳው ሰው ያለበት ነው።

ጥያቄ፦ 14 ተማሪዎች አሉኝ፤ የአንዱን ሥራ ሁሉም አይተው አስተያየት የሚሰጡበት የሂስ ክፍለ ጊዜ ሦስት ሰዓት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁልጊዜ ጊዜ አይደርሳቸውም።

መልስ፦ የ15 ደቂቃ ዕረፍት ሲቀነስ 165 ደቂቃ ይቀራል፤ ለአንድ ተማሪ 12 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚህ ጊዜ ሂስ አይሰጥም። ሰባት ሰባት አድርገው በሳምንት ያፈራርቋቸው፤ ለእያንዳንዱ 23 ደቂቃ ያገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች የዝምታ ይሁኑ፤ ሁሉም ይመልከት። ቀጥሎ ተመልካቾቹ ያዩትን ይናገሩ፤ ሠሪው አፉን ይያዝ። እሱ አስቀድሞ ካብራራ ሌላው የሚያየው ሥራውን ሳይሆን ማብራሪያውን ነው። የሚባለውን አንድ ጓደኛው ይጻፍለት፤ በጭንቀት ውስጥ ያለ ተማሪ የሰማውን ግማሽ አያስታውስም።

ኮድ መጻፍ የሚችሉት ተማሪዎች በቴክኒካቸው ብቻ ተደንቀው እንዳይታለፉ ይጠንቀቁ። ኤሌክትሪኩን ያጥፉና «አሁን ምን ቀረ?» ብለው ይጠይቁ። «ምንም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ውድቀት አይደለም፤ ሠሪው ግን ለምን እንደዚያ እንደመረጠ መናገር መቻል አለበት።

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲው ማሽን የሠራሁት ሥራ የማን ነው?

መልስ፦ የቅጥር ውልዎና የዩኒቨርሲቲው የአእምሯዊ ንብረት ፖሊሲ እንዳሉት ነው። ብዙዎቹ የሥነ ጥበብ ሥራን ለሠሪው ይተዋሉ፤ ሶፍትዌርንና አዲስ መሣሪያን ግን ለራሳቸው ሊያስቀሩ ይችላሉ። የእርስዎ ዓይነት ሥራ ሁለቱንም ስለሚይዝ ገዢ ከመምጣቱ በፊት የዲኑን ፊርማ ያለበት የአንድ ገጽ ስምምነት በእጅዎ ያስገቡ።