ምስጠራን ለግራፊክስ ካርድ መስጠት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ በየሌሊቱ ብዙ የመጠባበቂያ ፋይሎችን በኤኢኤስ (AES) የምስጠራ ዘዴ መስጥሮ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ሰርቨር አስተዳድራለሁ። ሥራውን ከዋናው ፕሮሰሰር ወደ ግራፊክስ ካርድ ባዛውረው በእጅጉ እንደሚፈጥን ሰምቻለሁ። እውነት ነው? የኤሌክትሪክ ፍጆታውስ ይቀንሳል?

መልስ፦ የሰሙት ከፊል እውነት አለው፤ ለእርስዎ ሥራ ግን ይጠቅማል ብለን አናምንም።

ኤኢኤስ መረጃን በ16 ባይት ብሎኮች ከፍሎ እያንዳንዱን እንደ ቁልፉ ርዝመት 10፣ 12 ወይም 14 ዙር ያመሳቅላል። ግራፊክስ ካርድ በሺዎች የሚቆጠሩ ብሎኮችን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ብሎኮቹ የማይጠባበቁበት ስልት ሲመረጥ ነው። ሲቲአር (CTR) በተባለው ስልት ለእያንዳንዱ ብሎክ የተሰጠው ተራ ቁጥር ተመስጥሮ ከመረጃው ጋር ስለሚዋሐድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ሲቢሲ (CBC) በተባለው ስልት ግን አንዱ ብሎክ የቀደመውን ውጤት ስለሚጠብቅ፣ አንድ ረጅም ፋይል ሲመሰጠር አብዛኛው የካርዱ ክፍል ሥራ ይፈታል፤ የሲቢሲን ምስጠራ መፍታት ግን ይህ ችግር የለበትም።

ከስሌቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ጉዞው ነው። መረጃው ከዋናው ሜሞሪ ወደ ካርዱ ሄዶ መመለስ አለበት፤ ካርዱን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ደግሞ ባለ16 መስመር ሦስተኛ ትውልድ ሲሆን በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ ከ16 ጊጋባይት አይበልጥም። ስለዚህ ካርዱ በውስጡ የቱንም ያህል ቢፈጥን ከዚህ በላይ አያደርስዎትም። በሌላ በኩል ኢንቴል ከ2010 ጀምሮ በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ለኤኢኤስ ብቻ የተሠሩ ትእዛዞችን አስገብቷል፤ በእነዚህም አንድ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ የስሌት ክፍል) ብቻውን በሰከንድ ከ1 ጊጋባይት በላይ ይመሰጥራል። ዲስክዎ ሳታ (SATA) በተባለው ማገናኛ የተገናኘ ከሆነ ጣሪያው በሰከንድ 600 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ፣ ሥራዎን የሚያዘገየው ምስጠራው ሳይሆን ዲስኩ ነው።

ፍጆታን በዋት ብቻ መመዘን ያሳስታል፤ የሚሻለው ለአንድ ጊጋባይት ስንት ጁል (አንድ ዋት በአንድ ሰከንድ የሚያወጣው ኃይል) እንደሚወጣ ማስላት ነው። 160 ዋት እየወሰደ በሰከንድ 16 ጊጋባይት የሚመሰጥር ካርድ ለጊጋባይት 10 ጁል ያወጣል እንበል። ያው ካርድ ከዲስኩ በሰከንድ ግማሽ ጊጋባይት ብቻ እየደረሰው ፍጆታው ወደ 50 ዋት ቢወርድ፣ ለጊጋባይት የሚያወጣው 100 ጁል ይሆናል። ካርዱ የሚቆጥበው ሥራ ሲበዛለት እንጂ ቆሞ ሲጠብቅ አይደለም፤ በዚያ ላይ መረጃውን የሚያቀብለው ዋናው ፕሮሰሰርም ከመብላት አያርፍም።

መረጃው አስቀድሞ በካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ሲገኝ፣ ለምሳሌ ካርዱ ራሱ ያሰላው ውጤት ሳይወጣ እንዲመሰጠር ሲፈለግ፣ ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ካርዱን መጠቀም ተገቢ ነው። እርስዎ ግን በመጀመሪያ የፕሮሰሰርዎ የኤኢኤስ ትእዛዞች ሥራ ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ካርዱንም ለመሞከር ከወሰኑ ፍጆታውን ከካርዱ ሶፍትዌር ሳይሆን ሰርቨሩ ከተሰካበት ሶኬት ላይ ይለኩ፤ በሲቲአር ሥራውን ለብዙ ክሮች (ጎን ለጎን ለሚሄዱ የፕሮግራም ክፍሎች) ሲያከፋፍሉም በአንድ ቁልፍ ሥር ያው የብሎክ ተራ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይውል ይጠንቀቁ፤ ከተደገመ ምስጠራው ይጋለጣልና።