በ641 እንጀራ ይበላል ወይ?

ከአዘዞ፣ ጎንደር ለጻፍሽልኝ እህቴ፦

ደብዳቤሽ ባጭሩ ይህ ነው። ፍሬሽማን ጨርሰሻል፤ ውጤትሽ ለሕክምና ይበቃል፤ አባትሽ ከሐኪም ሌላ መስማት አይፈልጉም። አንቺ ግን ደም ስታዪ ትወድቂያለሽ፤ ልብሽም ሒሳብ ላይ ነው። 4,294,967,297ን በስልክሽ ለብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ለማይካፈሉት) በተራ ስታካፍዪ ከርመሽ፣ 641 ላይ ያለ ቀሪ ተካፈለልሽ። «ይሄ ሥራ ይወጣዋል ወይስ ጊዜ ማጥፋት ነው?» ብለሻል።

ያ ትልቁ ቁጥርሽ የሚገኘው 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ፌርማ በተመሳሳይ መንገድ የሚገኙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ መሆናቸውን አይቶ ቀጣዩ፣ ያንቺው ቁጥር፣ ያው ነው ብሎ ገመተ። እ.ኤ.አ. በ1732 ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ግምቱን አፈረሰው፦ ቁጥሩ 641 ሲባዛ በ6,700,417 ነው። ኦይለር ያሳየው መንገድ ግን እንዳንቺ አድካሚ አይደለም። የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ፣ ለ64 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። እንዲህ ያሉት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ ጉዳዩ አለቀ። አንቺ ከመቶ በላይ ሞክረሻል!

ጽናትሽን ወድጄዋለሁ። ማካፈሉን ግን ማንም ካልኩሌተር ይሠራዋል። ደመወዝ የሚያስከፍለው «64 ከየት መጣ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ማረጋገጥ መቻል ነው። እኔ ከሒሳብ ተመርቄ ባንክ፣ ኮምፒውተር ክፍል ነው የገባሁት። ያ 65,537 ኢንተርኔት ላይ መልእክት በሚቆለፍበት አርኤስኤ በተባለው ዘዴ ውስጥ በየቦታው አለ። ዘዴው የተመካው ትልቅ ቁጥርን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ መበተን ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። ያንቺው 10 አኃዝ ነው፤ እዚያ ከ600 በላይ አኃዝ ያላቸው ይሠራባቸዋል።

ስለዚህ ሒሳብ ግቢ፤ ፕሮግራሚንግ ግን ከጎኑ ይኑር። ሒሳብ ብቻውን ይዞ ሥራ መፈለግ ይከብዳል፣ አልዋሽሽም። በዚህ ክረምት ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጀምሪ።

አባትሽን እረዳቸዋለሁ። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት፤ ነጭ ጋወን ቢመኙ አይፈረድባቸውም። «ሐኪም ከሆነች ከችግር ወጣን» የሚለውን ስሌት ግን አልቀበልም። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ደም የማትችል ልጅ ዓመታት ተጎትታ ብታቋርጥ ኪሳራው የማን ነው? ይህን ነግረሻቸዋል? ብቻሽን ከከበደሽ የሚያከብሩትን ሰው ይዘሽ ንገሪያቸው።

እንግሊዝኛሽ አያስጨንቅሽ፤ የሒሳብ እንግሊዝኛ ጥቂት ቃላት ነው። ክፍሉ ውስጥ ሴት ብቻሽን ብትሆኚም ግቢ።

ምርጫው ሳይዘጋ ዲፓርትመንቱ ሄደሽ ስንት የፕሮግራሚንግ ኮርስ እንዳላቸው ጠይቂ። ጥቂት ከሆነ ኮምፒውተር ሳይንስን አስቢበት። 6,700,417 ብቸኛ መሆኑንም በ64ቱ ዘዴ አረጋግጪ፤ ካሬ ሥሩ ወደ 2,588 ስለሆነ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግሽም።