ጧ ጧ የሚል ላሜራ

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ጽፎልኛል። ባትላሜራ፣ ማለትም የመኪና አካል ቀጥቅጦ መጠገን፣ እየተማረ ነው። የኮሮላ ዲኤክስ ከኋላ ጎማው በላይ ያለው አካል በዝገት ተበልቶ ነበር፤ ቆርጦ አወጣው፣ ምትኩን ራሱ ቀጠቀጠ። ቅርጹ ጥሩ መጥቶለት ነበር፣ ጠርዙ ብቻ ትንሽ ስለተወላገደ በፒንሳ እየያዘ በየደው። አሁን መሀሉን በአውራ ጣት ሲጫነው ጧ ብሎ ይገባል፣ ሲለቀው ጧ ብሎ ይወጣል። «ላሜራው ቀጥኖ ነው? ወፍራም ልግዛ?» ይላል። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጣላት ነገርም አለች፤ ሲበይድ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ማታ ብርድ ብርድ አለው፣ ወባ መስሎት ተኛ።

ወንድሜ፣ መወፈሩ ብቻ ጧ ማለቱን አያስቀረውም። መጀመሪያ ግን ስለ ጭሱ።

ያ ላሜራ ከጣሪያ የተረፈ ዝርግ ቆርቆሮ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። እሱ ጋልቫናይዝድ ነው፣ ማለትም ዚንክ የተቀባ። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል፤ ብረቱ የሚቀልጠው ደግሞ 1500 አካባቢ ነው። ስለዚህ ብየዳው ሳይያዝ ዚንኩ አፍንጫህ ገብቷል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ፣ ትኩሳት፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይመጣል፤ ልክ እንደ ወባ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ አንተ ያለህበት ግን ወባም ያለበት ነውና ተመርመር፣ ትንፋሽ ካጠረህ ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ። ወተት እጠጣለሁ እንዳትለኝ። ወተቱ የሚወርደው ሆድ ነው፣ ጭሱ የሚገባው ሳንባ።

አሁን ወደ ጧ ጧው። ከመበየድህ በፊት ቁራጩ ማንም ሳይይዘው ቦታው ላይ ቁጭ ይል ነበር? አይልም። ራስህ «በፒንሳ ይዤ» ብለሃል። ሌላውን ባትጽፍልኝም ይታየኛል፦ ሲሚንቶ ወይ ሐዲድ ላይ አስቀምጠህ መሀሉን በብረት መዶሻ ደበደብከው፣ መሀሉ ሳስቶ ሰፋ፣ ጠርዙን ግን አልነካኸውም።

ይህ ነገር የገባኝ ጋራዥ አይደለም፣ እናቴ ስፌት ስትሰፋ ነው። ወሎ ያደገ ሰው መሶብ ሲሰፋ አይቷል። ከመሀል ተጀምሮ እየዞረ ይሰፋል። በየዙሩ የሚበቃውን ያህል ከሰጠችው ዝርግ ይወጣል። ዙሩን ጠበቅ፣ አነስ ካደረገችው ይነሳና ክዳን ይሆናል። ካላላችው፣ ዙሩ ከሚገባው በላይ ከረዘመ፣ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይሞገዳል። ቅርጹን የሚወስነው የዙሪያው ርዝመት ነው እንጂ የመሀሉ ድብደባ አይደለም። ላሜራም እንዲሁ ነው። ዲያሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ብትቆርጥ ዙሪያው 62.8 ነው። እንደ ክዳን ጎበጥ ብሎ አፉ 19 እንዲሆን ከፈለግክ ዙሪያው 59.7 መሆን አለበት። ሦስቷ ሳንቲ የት ትሂድ? ወይ ጠርዙ ውስጥ ትሰበሰባለች፣ ወይ ሞገድ ሆና ትቀራለች። አንተ ሞገዱን በፒንሳ ጨፍልቀህ በየድክበት፤ ትርፉ ወደ መሀል ተገፋ። ብየዳው ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ጠርዙን እንደ መቀነት ያስረዋል። መሀሉ መውጫ አጣ። ጧ የሚለው ለዚህ ነው። እናቴ ሞገድ የወጣበትን ዙር ፈትታ እንደገና ትሰፋው ነበር፤ እኛ ግን ስቱኮ፣ ያን የመሙያ ሊጥ፣ እንለብጥበታለን።

ስቱኮን ካነሳሁ አይቀር፣ ባለፈው አንድ ሚኒባስ መጣልኝ፤ ስቱኮው ጣት የሚያህል ወፍራም ነው። ስገፍፈው ከስር የዘይት ጣሳ አገኘሁ፣ በሪቬት የተመታ፣ ጽሑፉ እንኳን ይነበባል። ባለቤቱ የሙሉ ሥራ ዋጋ ከፍሎበታል። አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ፓራፋንጎም (የጎማ ላይ ሽፋን) ብዙ አይሻልም፤ በክንድህ ስትደገፈው ይሰረጉዳል፣ የብሎን ቀዳዳው ከመኪናው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ በእጅህ መሥራት መማርህ ደግ ነው፣ አብሽር።

እንደገና ጀምር። 0.8 ሚሊሜትር ጥቁር ላሜራ ግዛ፤ ያልተቀባውን፣ ዚንክ የሌለውን። የጣሪያው ቆርቆሮ 28 ጌጅ የሚሉት እንኳ 0.4 አካባቢ ነው፣ ለመኪና አካል አይሆንም። የመኪናውን ደህና ጎን በካርቶን ለካና ካርቶኑን ገልብጠው። አግድምና ቁልቁል ሁለት ሦስት የቅርጽ መለኪያም ከካርቶን ቁረጥ፤ ዓይንህን አትመን። ከዚያ ግንድ ላይ ጎድጓዳ ፈልፍል፣ ወይ ወፍራም ቆዳ ሰፍተህ አሸዋ ሙላበት። በእንጨት መዶሻ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብለህ እየዞርክ ምታ። ጠርዙ መሞገዱ አይቀርም፤ ደስ ይበልህ፣ የሚሰበሰበው ትርፍ እሱ ነው። ሞገዱን ትንንሽ ሽብሽብ አድርገህ ጠጣር ነገር ላይ ቀስ እያልክ ወደ ራሱ አስገባው። ተደርቦ እንዳይተኛ ብቻ፣ ከተኛ ይሰነጠቃል። መለኪያውን አስጠጋ፣ እንደገና ምታ። የመጀመሪያህ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፣ የእኔ ሁለት ቀን ፈጅቷል።

ሳትይዘው ሲቀመጥ ብቻ በይድ። ባትሪውን ፍታ፣ በነዳጅ መሙያው በኩል ከሆነ ታንከሩን ሳታወርድ እሳት አታስጠጋ። በኤሌክትሮድ አትሞክረው፣ ይበሳዋል። ነጥብ ነጥብ አድርግ፣ አንዱን እዚህ፣ ቀጣዩን በሌላው ጫፍ፣ ስትነካው እጅህ እስኪችለው ጠብቅ። ከዚያ ከኋላ ብረት ደግፈህ ብየዳውን ራሱን ቀለል አድርገህ ምታው፤ የተኮማተረው ይለቃል።

አሁን መኪናው ላይ ያለውንም በዚሁ መንገድ ብየዳውን ዙሪያውን ሁለት ጊዜ እየመታህ ሞክረው። ጧ ማለቱን ካልተወ ቁረጠው። አንዱ መጥቶ «መሀሉን አቅልተህ በእርጥብ ጨርቅ ምታው፣ ይሰበሰባል» ይልሃል። ጥቁር ላሜራ ላይ ይሠራል፣ እኔም አደርገዋለሁ። የአንተ ግን ዚንክ ነው። እሳት አታስነካው። ሲቆረጥም በመቀስ እንጂ በእሳት አይሁን።

አዲሱን ስትጨርስ ከመበየድህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ በፒንሳ ሳትይዘው። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የምወርድበት ጉዳይ ካገኘሁ ደግሞ መጥቼ አየዋለሁ።