መኪናው ከተጋጨ በኋላ፦ የኢንሹራንስ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለተጋጨ መኪና ናቸው። ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልኝ ሰነድ ከፈረማችሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚረዳ ምክር ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ገና ያልፈረሙትን አስቀድሜአለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ ስማችሁን ትቼ አቅርቤአቸዋለሁ።

«ቪትዜን ከአራት ዓመት በፊት በ800 ሺህ ብር ገዝቼ በዚያው ዋጋ ሙሉ ኢንሹራንስ አስገባሁላት። በየዓመቱ ሳላቋርጥ አሳድሳለሁ። ባለፈው ወር ከግንብ ጋር ተጋጨሁና ጋራዡ 300 ሺህ ብር ጠየቀ። ኢንሹራንሱ ግን ከ150 ሺህ በላይ አልከፍልም አለኝ። አረቦኔን ከፍዬ የለም ወይ?» (ከአዲስ አበባ)

ንዴትዎ ይገባኛል። ግን ስሌቱ ከየት እንደመጣ ካላወቁ ሊከራከሩበት አይችሉም።

ሙሉ ኢንሹራንስ የራስዎን መኪና ከግጭት፣ ከቃጠሎና ከስርቆት ይሸፍናል፤ ሽፋኑ ግን ባስመዘገቡት ዋጋ ልክ ነው። መኪናዋ በአደጋው ዕለት 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር የምታወጣ ከሆነና እርስዎ በ800 ሺህ ካስመዘገቧት፣ ኢንሹራንሱ ተጠያቂ የሚሆነው ለግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ራስዎ እንደተሸከሙት ይቆጠራል። ከ300 ሺህ ግማሹ 150 ሺህ፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ኤክሰስ የሚሉት የእርስዎ ድርሻ ይቀነሳል። ይህ የኩባንያው ፈጠራ አይደለም፤ ከዋጋ በታች ለተገባ መድን በ1952ቱ የንግድ ሕግ የተቀመጠ ደንብ ነው። የንግድ ሕጉ በ2013 ሲሻሻል የመድን ክፍሉ አልተነካም።

ይህ ነገር ዱሮም ነበር፤ አሁን ግን የብዙ ሰው ችግር ሆኗል። በ2012 የኤክሳይዝ ታክሱ መጣ። በ2016 ጥር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ ሲወጣ ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ላይ ያለው ቁጥር ባለበት ቀረ።

አሁን ምን ያድርጉ? 1 ሚሊዮን 600 ሺህ የሚለውን ግምት ማን እንዳወጣው፣ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ድርድሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የእርስዎ ቪትዝ ዓመቷ የቆየ፣ ብዙ የተነዳች፣ ቀለሟ የለቀቀ ከሆነች የገበያ ዋጋዋ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ሊሆን ይችላል። ያኔ ድርሻቸው ከግማሽ ወደ 57 በመቶ ይወጣል፤ ከ150 ሺህ ወደ 171 ሺህ ማለት ነው። ከሁለትና ሦስት መኪና ሻጮች ተመሳሳይ ሞዴልና ተመሳሳይ ዓመት የያዘ፣ ማህተም ያለበት የዋጋ ማስረጃ ይዘው ይሂዱ። ሰርቬየሩ (ጉዳቱን የሚገምተው ባለሙያ) ሲመጣም ራስዎ ይገኙ፤ ጎማውን፣ የውስጥ ወንበሩን፣ የቆየውን ጭረት ሁሉ አብራችሁ እዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በየዓመቱ አረቦን የሚቀበል ሠራተኛ «መኪናዎ ዛሬ ስንት ታወጣለች?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ለደንበኛው ሳይነግሩ የአራት ዓመት ዋጋ እያደሱ ቆይቶ በአደጋው ማግስት ስሌቱን ማውጣት በደል ነው። ብዙ ቤተሰብ ያለው ንብረት ያቺ መኪና ብቻ ናት።

ሌሎቻችሁ እድሳት እስኪደርስ አትጠብቁ። በዓመቱ መሀል የአረቦን ልዩነት ከፍሎ ዋጋውን ማስተካከል ይቻላል። ከገበያው በላይ ማስመዝገብ ግን ትርፍ የለውም፤ በሕጉ ካሳው መኪናው በአደጋው ዕለት ከነበረው ዋጋ አይበልጥም።

«አባታችን ለረጅም ዘመን የነዱት ቮልስ ከአይሱዙ ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ። እሳቸው ደህና ናቸው። ኢንሹራንሱ ሙሉ ዋጋውን ከፍዬ መኪናውን እወስዳለሁ ይላል። አባታችን ቮልሴን ለማንም አልሰጥም ብለዋል። እንዴት እናሳምናቸው?» (ከደሴ)

እንኳን አባታችሁ ተረፉ። እሳቸውን ከማሳመናችሁ በፊት ግን ኢንሹራንሱን ጠይቁት፤ መኪናውን የግድ መስጠት የለባቸውም ይሆናል።

ኩባንያው መኪናውን ቶታል ሎስ (መጠገኑ አያዋጣም) ብሎ ሙሉውን ሲከፍል የተሰባበረው መኪና የእሱ ይሆናል፤ በኋላም በጨረታ ይሸጠዋል። ነገር ግን ባለቤቱ ቅሪቱን ለራሴ ላስቀር ብሎ መጠየቅ ይችላል። ኩባንያው ከተስማማ የቅሪቱን ዋጋ ከካሳው ላይ ይቀንሳል። ለምሳሌ የተመዘገበው ዋጋ 500 ሺህ፣ ኤክሰሱ 10 ሺህ፣ ሳልቬጁ (ቅሪቱ) 120 ሺህ ከተባለ፣ 370 ሺህ ብርና ቮልሱ የእናንተ ነው። የሳልቬጁ ዋጋ እንዴት እንደተገመተ ጠይቁ፤ ከዋጋው ከፍ ተደርጎ ከተገመተ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ይህ ሁሉ በደብዳቤ እስኪያልቅ ድረስ ሊብሬውንም ቁልፉንም አትስጡ፤ «ሙሉ ክፍያዬን ተቀብያለሁ» የሚለውንም ሰነድ አትፈርሙ።

ቀጥሎ መኪናው ይዳናል ወይ ነው። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ከፊት ሲመታ ሞተሩና ካምቢዮው ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። የቤንዚን ታንከሩ ግን ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው፤ ግቢ ውስጥ ከማቆማችሁ በፊት ቤንዚኑን አስቀዱ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪም ፍቱ። ፓራፋንጎዎቹ በየራሳቸው በቡሎን የታሰሩ ናቸው፤ ተፈትተው ይቀየራሉ። ቦዲው ራሱ ከወለሉ ቻንሲ ጋር በቡሎን ነው የተያያዘው። ስለዚህ የተጨራመተ ቆርቆሮ አያስደንግጣችሁ። የሚያስፈራው የፊት አክሱ ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ነው። ያ ቦታ ከተጣመመ መሪውም ጎማውም ቀጥ አይልም። ቮልስ የሚያውቅ መካኒክ አንስቶ፣ ለክቶ ይንገራችሁ እንጂ በዓይን አይታመንም። ጠማማ ከሆነና የሚተካ ወለል ካልተገኘ አባታችሁ ዳግም አይንዱት።

የቻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሀል ለመሀል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቷል። ወለሉ የሚቀየር ከሆነ ያ ቁጥር አብሮ ይሄዳልና ሥራው ሳይጀመር የትራንስፖርት ቢሮውን አማክሩ። ከጥገና በኋላም የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍ አለበት። ሳይነዳ ግቢ ሊቀመጥ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳውን መልሱ። አዲስ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚሰጣችሁ መኖሩን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አጣሩ፤ ለአሮጌ መኪና ብዙዎቹ እሺ አይሉም።

አባታችሁ ግን አልተሳሳቱም። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደረሱበትን መኪና ለማቆየት መቶ ሺህ ብር ማጣት የሳቸው ምርጫ ነው፤ ስሌቱን ቁጭ ብላችሁ አሳዩአቸውና እሳቸው ይወስኑ።

«ሶስተኛ ወገን ብቻ ነው ያለኝ። ሲኖትራክ መጥቶ ኮሮላዬን ጨረሳት። ከማን ልጠይቅ?» (ከአዳማ)

የእርስዎ ሶስተኛ ወገን በሌላ ሰው ላይ ላደረሱት ጉዳት ነው እንጂ የእርስዎን መኪና አይጠግንም። የሚጠይቁት የገጨዎትን መኪና ኢንሹራንስ ነው፤ እሱም በሕግ እስከተወሰነለት ጣሪያ ድረስ ብቻ ይከፍላል። ከዚያ በላይ ላለው የሲኖትራኩን ባለቤት በፍትሐ ብሔር ይከሳሉ። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሕጉ የሚነሳው ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ አድርገዋል ከሚል ግምት ነው፤ ጥፋቱ የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ሲረጋገጥ ነው ይህ የሚቀረው። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊሱ ፕላንና ሪፖርት የጉዳይዎ ምሰሶ ነው። ቅጂውን ዛሬውኑ ያውጡ፤ የተሳሳተ ነገር ካለበትም ሳይውል ሳያድር ያመልክቱ። ክሱን ለማቅረብ ያለዎት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። በሽምግልና እያሉ የሚያጓትቱ ባለመኪኖች ይህን ያውቃሉ።

«ከአደጋው በኋላ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛሁ። አሁን ኢንሹራንሱ በአምስት ቀን አላሳወቅክም ይለኛል።» (ከባሕር ዳር)

እግዚአብሔር ይማርዎት። የአምስት ቀኑ ደንብ እውነት ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ያጋጠመውን ሰው ግን አይይዝም። የተኙበትንና የወጡበትን ቀን የሚያሳይ የሆስፒታል ማስረጃ ከማመልከቻ ጋር ያስገቡ፤ የገቢ ማህተም ያለበት ቅጂም ይያዙ። ካልሰሙዎት ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይችላሉ፤ ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ሌሎቻችሁ፣ ባለቤቱ ከተጎዳ ከቤተሰብ አንድ ሰው በስልክም ቢሆን ያሳውቅ፤ የደወለበትን ሰዓትና ያነጋገረውን ሰው ስም ይጻፍ።

«ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ካምሪዬን ቶታል አሏት። የሰጡኝ ዋጋ ካለብኝ የባንክ ዕዳ በ4 ሺህ ዶላር ያንሳል። ኡበርም እሠራባት ነበር።»

መጀመሪያ የኡበሩን ነገር እናጥራ። በግጭቱ ሰዓት አፑ ተከፍቶ ነበር? ከተከፈተ የግል ኢንሹራንስዎ ላይከፍል ይችላል። ተሳፋሪ ይዘው ወይም ሊያነሱ እየሄዱ ከነበረ የኡበር ሽፋን አለ፤ ግን በግል ፖሊሲዎ ላይ ለራስዎ መኪና ግጭት የሚሆን ሽፋን መኖር አለበት፤ ተቀናሹም 2,500 ዶላር ነው። አፑ ተዘግቶ ከነበረ ጉዳዩ ከግል ኢንሹራንስዎ ጋር ብቻ ነው። የሆነውን በትክክል ይናገሩ፤ ሰዓቱ በኩባንያው መዝገብ ላይ አለ።

ስለ ዋጋው፦ የመጀመሪያው ቁጥር የመጨረሻ አይደለም። የግምት ሪፖርቱን ሙሉውን ይጠይቁ። ያነጻጸሯቸውን መኪኖች አንድ በአንድ ያንብቡ፤ የእርስዎ ከፍ ያለችው ኤክስኤልኢ ሆና ሳለ ዝቅ ካለችው ኤልኢ ጋር አነጻጽረዋት ከሆነ፣ ማይሉን አሳስተው ከሆነ ወይም አዲስ ጎማዎን ካልቆጠሩ በማስረጃ ያርሙ። በአካባቢዎ ለሽያጭ የቀረቡ ተመሳሳይ ካምሪዎችንም ይላኩላቸው። ዕዳው ግን የነሱ ጉዳይ አይደለም፤ የሚከፍሉት የመኪናዋን ዋጋ ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው ጋፕ ኢንሹራንስ ነው። መኪናዋን ሲገዙ ከፈረሙት የወረቀት ክምር ውስጥ ይፈልጉት፤ ዲለሩ ሸጦላቸው ያልተገነዘቡ ብዙዎች ናቸው። ድርድሩ እስኪያልቅ የባንክ ክፍያዎን አያቋርጡ፤ ክሬዲትዎ ይጎዳል።

አስቀርቼ ልጠግናት ካሉ፣ ሜሪላንድ ውስጥ መጠገኛው ከዋጋዋ 75 በመቶ ካለፈ የሳልቬጅ ወረቀት ይወጣባታል። ከዚያ መንገድ ላይ ለመመለስ የስቴቱ ፖሊስ የሳልቬጅ ምርመራ ማለፍ አለባት። ዕዳ ስላለባትም ባንኩ መስማማት አለበት። ለሥራ መኪና ይህን አልመክርም።

«ከኢንሹራንስ ጨረታ የተጋጨ መኪና ገዝቼ ልጠግን አስቤአለሁ። ምን ልጠንቀቅ?» (ከሐዋሳ)

ሲፒኦ ከማሠራትዎ በፊት ከመካኒክና ከባቲላሜራ ሠራተኛ ጋር ሆነው መኪናውን ቆሞ ባለበት ግቢ ይዩት። ኮፈኑ ይከፈት፤ ወለሉን ከሥር ይዩ። ሞተሩና ቻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ከዚያ ማስታወቂያውን እስከ ታች ያንብቡ፦ ቀረጥ ተከፍሎበታል ወይስ አልተከፈለበትም? ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ በገዢው ላይ ይመጣል፤ በርካሽ የገዙት መሰልዎት እንጂ ጉምሩክ ሲደርሱ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የስም ማዛወሪያውንና ቫቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነም በጽሑፍ ይወቁ። የመለዋወጫውን ዋጋ ሱማሌ ተራ ሄደው ሳይጠይቁ ደግሞ የጨረታ ዋጋ አይሙሉ። ኤርባጉ የፈነዳ መኪና ከሆነ መተኪያውን አስቀድመው ያፈላልጉ፤ ሳይተኩት ዳሽቦርዱን ብቻ አሰፍተው የሚሸጡ አሉ፤ እንደነሱ አያድርጉ።