የምጣዱ ቀን ቆጣሪው ስንት ይቆጥራል?

ለ28 ዓመታት በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካዛንቺስ ቤቶች ውስጥ መስመር የዘረጉት የአምዳችን ኤሌክትሪሺያን የአንባብያንን ጥያቄ ይመልሳሉ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ባልና ሚስት ከአንዲት ልጅ ጋር። አምፖል ሳናጠፋ ከክፍል አንወጣም፤ ቴሌቪዥኑንም ማታ ማታ ከሶኬት እንነቅላለን። እንዲያም ሆኖ የሞላነው ካርድ ወር አያደርሰንም። ባለቤቴ «በላተኛው ፍሪጁ ነው» ብሎ ገዢ እያፈላለገለት ነው። ወይስ ቆጣሪው ይሆን የሚያዛባው?
*የአንድ ልጅ እናት*

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሪጁ ይቆይ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አምፖል አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ፍሪጅ አለ። ምጣድና ቦይለር የሚሉትን ቃላት ግን አጣኋቸው። በቤትዎ ካሉ፣ ካርዱን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው።

ቆጣሪ የሚቆጥረው ዋትን ከሰዓት ጋር አባዝቶ ነው። 1000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የሚያበራና የሚያወራ ዕቃ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ብዙ የሚበላው የሚያሞቅ ዕቃ ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች አምስት ሆነው በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት አይሞሉም። ማታ የምትነቅሉት ቴሌቪዥን ተሰክቶ ቢያድር እንኳ በወር ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ደህና ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በወር 30 መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ እንምጣ። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይወስዳል። እስኪግል ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ 25 እንጀራ እስኪጋገር ሰዓት ከሩብ ብንል፣ በአንድ ጋገራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤት በወር ለምጣዱ ብቻ 45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥርበታል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጋግሩ ከሆነ ወደ ሁለት ማድረግ ጥሩ ነው፤ በየጋገራው ለማጋል ብቻ የሚጠፋው ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ይቀርልዎታል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎችም ምጣዱን አጥፍተው በቀረው ግለት ይሞክሯቸው።

ቦይለሩ ደግሞ ከምጣዱም ይብሳል። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በየቀኑ ከሆነ በወር 70 አለፈ ማለት ነው። ሌት ተቀን ሳይጠፋ የሚውል ከሆነም ጋኑ ሙቀቱን ለአየሩ እየሰጠ፣ መልሶ እያሞቀ፣ ማንም ሳይታጠብበት ይቆጥራል። ባለ 1500 ዋት ከሆነ ከመታጠብዎ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብለው ያብሩት፤ ሲጨርሱ ያጥፉት።

ቆጣሪውን መጠርጠርዎን አልነቅፍም፤ ግን ይፈትኑት። ፊቱ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ 1000 ወይም 1600 ሊሆን ይችላል። በቤትዎ ያለውን ብሬከር ሁሉ ያውርዱና አሥር ደቂቃ ይመልከቷት። ብልጭ ብልጭ ካለች ከእርስዎ ቤት ውጭ የሚጠቀም አለ፣ ወይም መስመሩ ያፈሳል፤ ባለሙያ ይጥሩ። ብልጭ ካላለች ምጣዱን ብቻ ያብሩና በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ይቁጠሩ። ቁጥሩን በ60 አባዝተው ቆጣሪው ላይ ለተጻፈው ሲያካፍሉት ምጣዱ የሚወስደውን ኪሎዋት ያገኛሉ። ባለ 1000 ቆጣሪ በደቂቃ 58 ጊዜ ብልጭ ካለ ምጣድዎ 3.5 ኪሎዋት ነው፤ ቆጣሪውም ደህና ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው ሁሉ ተሳስቶ ስለማገኘው ነው። ኃይል ሲደክም ሂሳብ የሚቀንስ ይመስላል። ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንዲት እናት «ምጣዴ ተበላሽቷል» ብለው አስጠሩኝ። ሶኬቱን ስለካው 220 መሆን የሚገባው ቮልት 180 ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ቮልት ባለ 3500 ዋቱ ምጣድ 2300 ዋት ብቻ ያገኛል። እንጀራው አይን አያወጣም፣ ጋገራው ይረዝማል፣ ምጣዱም በረዘመው ሰዓት ሁሉ ሙቀት ሲያባክን ይቆያል። ሊጡ የሚጠብቅ ከሆነ ኃይሉ እስኪመለስ መጠበቅ ይሻላል። ምጣድ በደህና ቮልት 16 አምፔር ስለሚስብም ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ይኑረው። በማከፋፈያ ገመድ የተሰካ ምጣድ አቅልጦ ያጠቆረውን ሶኬት በእጄ ስንቴ ነቅያለሁ! ለልጅዎ ሲሉ ዛሬውኑ ይዩት።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የግቢ ተከራይ ነኝ፤ ተማሪ። አራት ተከራዮችና አከራያችን በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን፤ እትዬ ሂሳቡን ለአምስት እኩል ያካፍሉታል። እኔ ያለኝ አንድ አምፖል፣ ላፕቶፕና ስልክ ነው። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ ቅር ቢልህ አይፈረድብህም። የዘረዘርከው ሁሉ በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ግቢው 240 ቢቆጥር ያንተ እኩል ድርሻ 48 ይሆናል፤ የሌላውን ምጣድ እየከፈልክ ነው።

ለእትዬ ስትነግራቸው ግን ከራስህ አትጀምር፤ እሳቸውም ተጎጂ ናቸውና። የቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ዝቅተኛው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲቆጠር ሁላችሁም ወደ ውዱ እርከን ትወጣላችሁ። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተስተካከለ ስለሆነ ልዩነቱ ይሰማል። «እትዬ፣ ሂሳቡ ለሁላችንም በዛ፤ በየክፍሉ ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ ብናስገባስ?» በላቸው። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ውስጥ ይገኛል። የሚገባው ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ነው፤ የዋናው ማሸጊያ አይነካም። በወር መጨረሻ አብራችሁ አንብቡና እያንዳንዱ በቆጠረው ልክ ይክፈል።

ጥያቄ፦ የሕዳሴ ግድብ ተመርቆ እያለ ፒያሳ ያለው ፀጉር ቤቴ ሰው በሚሰለፍበት በበዓል ዋዜማ ለምን ይጨልማል? ጄኔሬተር ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5150 ሜጋዋት ነው። አባቶቻችን በአቃቂ ወንዝ ላይ ያዩት አባ ሳሙኤል 6.6 ሜጋዋት ነበር፤ 1,900 ምጣድ እንኳ በአንዴ አያግልም። ስለ ሕዳሴ ሳስብ ደስታዬ ወሰን የለውም። ነገር ግን ያ ኃይል በ500 ኪሎቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርስና፣ ደረጃ በደረጃ ዝቅ ብሎ በመጨረሻ በሰፈርዎ ምሰሶ ላይ ባለው ትራንስፎርመር በኩል ነው የሚገባልዎት። 315 ኪሎቮልት አምፔር የሚችል ትራንስፎርመር 90 ምጣድ ብቻ ይሸከማል። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ 120 ቤት ምጣድ ቢጥድ ፊውዙ ይቃጠላል፤ በዚያ ሰዓት ግድቡ ሙሉ ቢሆንም አይጠቅምዎትም። መፍትሔው ትራንስፎርመሩን ማሳደግና መስመሩን ማደስ ነው፤ ይህን ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ጄኔሬተሩን አልመክርዎትም። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ቢበዛ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚሰጠው። ጭሱም በጠባብ ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይም ቢሆን ደጁ ጥግ ከሆነ፣ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል። ቶንዶስ 15 ዋት፣ አራት ኤልኢዲ አምፖል 36 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር፣ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ እንኳ፣ አሥር ሰዓት ያህል ያሠራዎታል፤ ኃይል ሲመጣ ራሱ ይሞላል። ካስኩን ግን ከእሱ ጋር አያገናኙት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያወርደዋል።