ሐላል ሥጋ ላይ ብቻ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ለስላሳ ከረሜላና የፊት ቅባት አመርታለሁ። ውጭ ልሸጥ ስል አንድ ነጋዴ «የሐላል ምልክት አውጣበት» አለኝ። ሥጋ የለበትም እኮ፣ ምን አገባኝ?

መልስ፦ ያገባሃል እንጂ! ከረሜላህን እንዲለጠጥ የሚያደርገው ጄላቲን ከምን እንደተሠራ አቅራቢህን ጠይቀህ ታውቃለህ? ጄላቲን የሚወጣው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከአሳማ። የቅባትህ ግሊሰሪንም ከአትክልት ዘይት ወይም ከእንስሳ ስብ ሊመጣ ይችላል፣ በርሜሉ ላይ ግን «ግሊሰሪን» ብቻ ስለሚል በዓይን አትለየውም። የአሳማ ከሆነ በቃ፣ ቀይረው። የሐላል ምልክት የሚሰጡት አካላት መርማሪዎችም የሚያገላብጡት የአቅራቢህን ወረቀት ነው።

ደግሞ ለምልክቱ ከመክፈልህ በፊት ገዢህ ያለበት አገር የማንን ማኅተም እንደሚቀበል አጣራ። ማሌዥያ ለምሳሌ ጃኪም የተባለው መሥሪያ ቤቷ ዕውቅና የሰጣቸውን የውጭ አካላት ነው የምትቀበለው። ያገኘኸውን ማኅተም ለጥፈህ ብትልክ ዕቃህ ወደብ ላይ ሊያዝብህ ይችላል።